ሰባተኛው ምት

ሰውየውን ሁላችንም «ጥፊ» ነው የምንለው። ጥፊ ስላችሁ ደግሞ ተደባዳቢ እንዳይመስላችሁ። ዝንብ ሲያስቸግረው መስኮት ከፍቶ «በይ እንግዲህ ውጪልኝ» ብሎ የሚለምን ሰው ነው። ወረፋውን የነጠቀውን ሰው እንኳ «ይቅርታ፣ እኔ ነበርኩ መሰለኝ» ከማለት አያልፍም። ይኸው ሰው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቱን በጥፊ አጩሏል፣ ስንቱን በጩቤ ወግቷል፣ የስንቱን አንገት ቀጭ አድርጓል። ሁሉንም በጎመን።

የምንሠራው አጫጭር የድራማ ፊልሞች ላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሃያ። ተዋናይ ተዋናይን ሲመታ እጁ ጉንጭ አይነካም፣ በአየር ላይ ነው የሚያልፈው። እናንተ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ «ውይ!» የምትሉት ድምፁን ሰምታችሁ ነው። ያንን ድምፅ የሚሠራው ጥፊ ነው። እርጥብ ፎጣ በቆዳ ጓንት ሲመታ ጉንጭ ይሆናል። ጥቅል ጎመን በቢላ ሲወጋ ሆድ ይሆናል። ካሮት ሲቀነጠስ ጣት ነው፤ ሦስት ካሮት በፎጣ ተጠቅልሎ ሲሰበር ክንድ ነው። ክፍሉ ሁልጊዜ አትክልት አትክልት ይሸታል። አንዴ አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ በሩን ስትከፍት ጎመኑን እየደጋገመ ሲወጋው አገኘችውና ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ውኃ አጠጥቼ ያረጋጋኋት እኔ ነኝ።

እኔ የሥዕሉ ሰው ነኝ፤ እየቆረጥኩ የምቀጥል ኤዲተር። የሱንና የኔን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ ስንነታረክ ኖረናል። «ዓይናችሁን አትመኑት፣ ሥዕል ይዋሻል» ይላል። «አንተ በጎመን ሰው እየገደልክ እኔን ውሸታም ትለኛለህ?» እለዋለሁ። ይስቅና ወደ ጎመኑ ይመለሳል።

ጆሮውን ከየት እንዳመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮኛል፤ ካሮት እየላጠ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ። አባቱ ለምሳ ሲገባ ነበር የሚጀምረው። ልጁን ወደ ጓዳ ያስገባና በሩን ይቆልፍበታል። ስለዚህ እናቱ ስትመታ አይቶ አያውቅም፤ ሰምቶ ነው ያደገው። ጡጫን ከጥፊ፣ ቀበቶን ከሽቦ ይለያል። ጭንቅላት ከግድግዳ ሲጋጭና ከጠረጴዛ ሲጋጭ ድምፁ አንድ እንዳልሆነ በስድስት ዓመቱ አውቋል። በጣቱ ይቆጥራል። ሲያበቃ እናቱ ታስላለች፤ አንድ ትንሽ ሳል፣ «እህ» ብቻ። ለሱ ነበር የምትስለው፣ አለሁ ልጄ ማለቷ ነበር። ስምንት ዓመት የሞላው ሰሞን አንድ ቀን አሥራ አንድ ቆጠረ። ከዚያ ሳሏን ጠበቀ። ጎረቤት መጥቶ በሩን እስኪሰብር ድረስ ጠበቀ። አልሳለችም።

እኔም የያዝኩትን መቀስ አስቀምጬ ካሮት ላጥኩለት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪዎች ያስተምር ነበር፤ አሥራ አራት ናቸው፣ እኔም ከኋላ ተቀምጬ በሥዕሉ በኩል አግዘዋለሁ። አንድን አጭር ድራማ ሦስት ጊዜ ያሳያቸዋል። መጀመሪያ ሥዕሉን ይሸፍንና ድምፁን ብቻ ያሰማል። ቀጥሎ ድምፁን ይዘጋና ሥዕሉን ብቻ ያሳያል። በሦስተኛው ሁለቱን አንድ ላይ። ከዚያ ጥያቄው ይዘንባል። ሁለት ወንድማማቾች በሚጣሉበት ፊልም ላይ ለምሳሌ «ጠርሙሱ ሊሰበር ሲል የመንገዱ የመኪና ድምፅ ለምን ጠፋ?» ይላል።

«እንድንፈራ ነው፣ ጋሼ» ይላል አንዱ።

«እንድንፈራ አይደለም። ሊመታ የተነሳ ሰው መንገዱን አይሰማማ! ፊልሙ በታላቅየው ጆሮ ውስጥ አስገብቶሃል። ጠርሙሱ ሲያርፍስ ካሜራው የት ነበር?»

«እናትየው ፊት ላይ።»

«ደም አየህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ አሁን ጭንቅላትህን የምትዳብሰው ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ነበረች። ሙቀቱ ቢያቃጥልም ሻርፗን ከአንገቷ አታወርድም፤ «ባለ ሻርፗ» ብለናት ቀረን። ከግድግዳው ጥግ ትቀመጣለች፣ ብዙ አታወራም። ትምህርቱ ሲያልቅ ባሏ በደቂቃው በር ላይ ነው። መድኃኒት ቤት ያለው፣ ልብሱ እንከን የማይወጣለት፣ ጥበቃውን ሳይቀር «ጨጓራህ እንዴት ሆነ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ነው። በሩን ይከፍትላታል፣ ቦርሳዋን ይቀበላታል። እኔ እንኳን፣ ዓይኔ ይፍሰስ፣ «እንዲህ ያለውን ለኛም በሰጠን» ብያለሁ።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አጭር ፊልም አቀረበ። የባለ ሻርፗ ስድስት ደቂቃ ነበር። አንዲት ሴት ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ። ከዚያ ከግድግዳ ወዲያ ድምፅ ይመጣል፤ የወንድ ዝግ ያለ ንግግር፣ ቃሉ የማይለይ፣ ከዚያ ምት። አንድ። ሁለት። መቺውም ተመቺዋም አይታዩም። የምናየው ብርጭቆውንና የሴትየዋን ትከሻ ብቻ ነው። በሰባት ምት ያልቃል።

ጥፊ ከወንበሩ ተነሳ። እንዲህ ሲነሳ አይቼው አላውቅም።

«ልጆች፣ እዩልኝ! ስሙልኝ!» አለ። «ግድግዳው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ በልቶ ወፍራሙን ብቻ እንዴት እንዳሳለፈው ስሙ። በአራተኛውና በአምስተኛው መሀል ያለውን ዝምታ ስሙ። ውሸታም ቢሆን ኖሮ ምቶቹን እኩል እኩል ያራርቃቸው ነበር። እዚህ ግን ሰውየው ቆም ብሎ እጅጌውን ሰብስቧል! ካሜራው ደግሞ ምን ያያል? ውኃ! ብርጭቆ ውኃ እያሳየች አጥንታችንን ሰበረችን። ልጄ፣ ምን መትተሽ ነው ይሄን ያመጣሽው?»

«ምንም አልመታሁም። ቀዳሁት» አለች።

«የት?»

«ቤት።»

«አያችሁ? እናንተ ስቱዲዮ የለም፣ ማይክ የለም እያላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሄን ይሠራል!»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጥፊ ድምፁን አሥር ጊዜ ያህል አስደገመው። በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ነገር እያገኘ ያደንቃል፤ እሷ እጆቿን ጭኖቿ መሀል ከታ ታዳምጣለች። በመጨረሻ መምህርነቱ መጣበት፤ እንከን ካላገኘ ያስተማረ አይመስለውማ።

«አንድ ነገር ብቻ» አላት። «ስድስቱ እውነት ናቸው። ሰባተኛው ግን ደክሟል። ታሪኩ ወደ ላይ እየወጣ ምቱ ወረደብሽ። ተመልካቹ ሰባተኛው ላይ ከወንበሩ መነሳት አለበት። እሱን ብቻ ደግመሽ ቅጂልኝ፣ ጠንከር ይበል።»

ቀና ብላ አየችው። «ይጠንክር?»

«ይጠንክር።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች።

እኔስ? ምላሴን በቆረጠው! እኔም ተራዬን ጠብቄ ነበር። «ትከሻሽ ይቀድማል» አልኳት። አንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት ሥዕል ነው የሚያልፈው። የትከሻዋ ሽምቅቅ ማለት ከምቱ በስምንት ሥዕል ይቀድም ነበር፤ የሰከንድ ሲሶ መሆኑ ነው። ድምፁን እያሰማች ነበር ራሷን የቀረጸችው።

«መቅደሙ ልክ አይደለም?» አለችኝ።

«አይደለም፣ እናቴ። ሰው ከተመታ በኋላ ነው የሚሸማቀቀው። ከቀደመ ትወና መሆኑ ይነቃበታል።»

እዚያው በፊቷ ሥዕሉን ስምንት ወደ ኋላ ጎተትኩትና ትከሻዋን ከምቱ ጋር ገጠምኩት። አሁን ልክ መጣ አልኩ። አመሰገነችኝ። ባሏ በር ላይ ጠብቆ ቦርሳዋን ተቀበላት።

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት የጥፊን በር አንኳኩታ ገባች። ግራ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። የላይኛው ከንፈሯ ተሰንጥቆ ክር ገብቶበታል።

«እንዴ! ምን ሆንሽ?» አልኩ።

«ደረጃ» አለችና በደህናው እጇ ትንሽ ፍላሽ አወጣች። «ሰባተኛውን አምጥቻለሁ፣ ጋሼ።»

ጥፊ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። ሲያዳምጥ በጣቱ ጠረጴዛውን እየነካ የመቁጠር ልማድ አለው፤ ከልጅነቱ የተረፈችው ናት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ ጣቱ። ስድስት ላይ ፊቱ መለወጥ ጀመረ። ሰባተኛውን ለመንካት የተነሳችው ጣት በአየር ላይ ቀረች። አሁንም የሚሰማው ነገር ነበረ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ጣቱ አልወረደችም። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ ወረወረው፣ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳና ጎመኑ ላይ አስመለሰ።

«ሳለች» አለኝ፤ ዓይኑ ሊወጣ ደርሶ። «መጨረሻ ላይ ሳለች።»

ማዳመጫውን አንስቼ ሰማሁት። ስድስቱ ከባድ ናቸው። ከሰባተኛው በፊት ዝምታ አለ፣ ሰባተኛው ከሌላ አቅጣጫ መጣ፣ ከሱ ጋር አንድ ትንሽ ነገር ተሰበረ። ያ ነው የሚዘገንነው፤ ትንሽ ነው። የጥፊ ሦስት ካሮት ከሱ በላይ ይጮኻል። ከዚያ ከወለሉ አካባቢ «እህ»።

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ባሌን ሆን ብዬ አልተነኮስኩትም» አለች፤ ስህተቷን እንደምታስረዳ ተማሪ። «መቅጃውን ከፍቼ ጠበቅሁ እንጂ። ብዙ አላስጠበቀኝም።»

«አንቺ ልጅ! ምነው ሳትነግሪን!» ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ ጮህኩባት፤ አፈር ልብላ።

«ነገርኳችሁ እኮ» አለች። «ስድስት ደቂቃ ሙሉ ነገርኳችሁ። ጋሼ ጆሮ ያለው ሰው ነው፣ ይሰማኛል አልኩ። ሰማችሁኝ፣ ከዚያ አረማችሁኝ።»

ጥፊ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጉልበቱ እየዳኸ መጥቶ የጀሶዋን ጫፍ በሁለት እጁ ያዘ። ይቅርታ ለማለት አፉን ይከፍታል፣ አይወጣለትም። የሚወጣው «እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ብቻ ነው። እሷ ናት ያባበለችው።

በዚያው ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ወሰድናት። የመጀመሪያውን ቅጂ ጨምረን ፍላሹን አስረከብን፣ ቃሏን ሰጠች፣ ከኔ ቤት አሳደርኳት። ባሏን በማግሥቱ ጠርተው ጠየቁት፤ ተረጋግቶ መልሶ፣ ዋስ ጠርቶ ወጣ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ስቱዲዮ መጣ።

ኮቱን አወለቀና በሥነ ሥርዓት ወንበር ላይ ሰቀለው። እጅጌውን ሰበሰበ። ጥፊ ያንን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ያን ሁሉ ያደነቀው ዝምታ ነዋ! የመጀመሪያው ጡጫ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርስ ረገፈ። ጥፊ እጁን አላነሳም፤ ራሱን እንኳ አልከለለም፣ ቆሞ ተቀበለው። «ሚስቴን አባልገህ በኔ ላይ ድምፅ ትሠራለህ?» ይላል ሰውየው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ መድኃኒት አወሳሰድ እንደሚያስረዳ። ፀጉሩን ይዞ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ወደቀ። ጎን ጎኑን በጫማ ረገጠው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጠፍጣፋ መዳፍ ግራ ጆሮው ላይ አሳረፈበት። እውነተኛ ድብድብ ድምፅ የለውም፣ ታውቃላችሁ? ልፍ፣ ልፍ ነው። ሊጥ እንደመምታት። ጎመኖቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፣ በደሙ ላይ አለፉ።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የማይ ዓይነት አይደለሁም። የማይኩን ማቆሚያ ብረት በሁለት እጄ አንስቼ ጀርባው ላይ አወረድኩበት። ዞር አለ። ደገምኩት፣ ትከሻው ላይ። ብረቱን ነጥቆ ጉልበቴን መታኝ፤ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ታስታውሰኛለች። ጥበቃውና የታች ፎቅ ሰዎች መጥተው አራት ሆነው ነው የያዙት። ሲያወጡት ኮቱን እንዲያቀብሉት በትሕትና ጠየቀ።

ጥፊ ሦስት የጎን አጥንት ተሰብሮ፣ የግራ ጆሮው ታምቡር ተቀዶ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ግራው አይመለስም አለ። ለድምፅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እሱ ግን ስጠይቀው «ቀኙ ይበቃኛል፤ በሁለቱም ሰምቼ ምን ጠቀምኩ?» ነው ያለኝ።

አራት ወር ቆይቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የስቱዲዮውን ድብድብ ሰውየው አምኗል፤ በቅናት ነው ብሏል፣ ቅጣቱ አጭር ነው። ሚስቱን መምታቱ ካልተረጋገጠ ግን ትንሽ ቆይቶ ይወጣል፣ እሷም የትም ብትደበቅ ያገኛታል። ለሐኪሞቹ ሁልጊዜ «ደረጃ» ነው ያለችው፣ ጎረቤት ምንም አልሰማሁም ብሏል። ያላት ማስረጃ ድምፁ ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ በአጠገባችን ሲያልፍ ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለና «ስምንተኛውን አትሰሚውም» አላት። በብብቷ ይዤ ወደ አዳራሹ አስገባኋት።

የባልየው ጠበቃ ጎበዝ ነበር፣ ሞት ይርሳውና። ጥፊን ለምስክርነት ሲያቆመው ፊቱን ወደ ታዳሚው አዞረ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የፊልም ድምፅ እሠራለሁ።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ምት፤ ስብራት።»

«በምን?»

«በጎመን» አለ ጥፊ። አዳራሹ ሳቀ።

«በዚህ ፍላሽ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ቅጂ፣ ሰባቱን ምት፣ እርስዎ ሊሠሯቸው ይችላሉ?»

አልችልም በል! አልችልም በል! እያልኩ በልቤ እለምነዋለሁ። ጥፊ አሰበ። «እችላለሁ» አለ።

ጎመኑ መጣ፣ ፎጣው፣ ጓንቱ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ እንዲሠራ ተደረገ። መጀመሪያ ቅጂው ተሰማ፣ ከዚያ የሱ። ያ የማይረባ ሰው ደግሞ እንዳይሆን እንዳይሆን አድርጎ እንደማበላሸት፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ እንዲህ አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም! የአራተኛውንና የአምስተኛውን ዝምታ ሳይቀር አመጣት። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ልለየው አልቻልኩም» አሉ። ጠበቃው በእርካታ ተቀመጠ። ባለ ሻርፗ ጎኔ ቁጭ ብላ ጥፍሯን መዳፌ ውስጥ ቀበረችው።

ጥፊ ከመጋረጃው ወጣ። «ክብርት ዳኛ፣ መዋሸት አልችልም፣ ሥራዬ ነው» አለ። «ግን ሁለተኛ ቅጂ አለ። እሱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛው ምት ደክሟል፣ ይጠንክር አልኳት። ተማሪዬ ናት፣ የታዘዘችውን አመጣች። እሱን መሥራት አልችልም። አንድ ጊዜ ይሰማ።»

ጠበቃው ተነሳ። «ደንበኛዬ ይህን ቅጂ ሰምቶት አያውቅም፤ ያልተፈጸመ ነገር ነው።»

«ሰምተኸው አታውቅም?» አሉት ዳኛዋ።

«በጭራሽ፣ ክብርት ዳኛ» አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ።

ድምፁ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ድምፅ ማጉያው ላይ ተከለ፤ ሰው ሲሰማ ድምፁ የሚመጣበትን ነው የሚያየው። እኔ ግን ጎኔ ያለችውን አየሁ። አንደኛው ምት ከመምጣቱ በፊት ትከሻዋ ተነሳ። ሁለተኛውም ከመምጣቱ በፊት። ስምንት ሥዕል፤ እኔ በገዛ እጄ ያረምኩት ስምንት ሥዕል። ተመትቶ የኖረ ሰው ከምቱ ቀድሞ እንደሚሸማቀቅ ያላወቅሁት ተመትቼ ስለማላውቅ ነው።

ቀና ስል ጥፊ ድምፅ ማጉያውን አያይም። ዕድሜ ልኩን ጆሮውን ብቻ ያመነ ሰው፣ የቀረችውን አንዷን ጆሮውን በመዳፉ ደፍኗል። የሚያየው ተከሳሹን ነው። ምንም ሳይናገር ክንዱን ዘርግቶ ጠቆመ። ዳኛዋ ጣቱን ተከትለው አዩ። እኔም አየሁ።

ተከሳሹ ፊቱ እንደተለመደው ጨዋ ነው። ቀኝ እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ሆና ትጨበጣለች። ትጨበጣለች፣ ከዚያ ምቱ ይሰማል። ትፈታለች። ትጨበጣለች፣ አራተኛው ይሰማል። ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ እየቀደመ እጁ ያውቀዋል። አምስት። ስድስት።

ያ ዝምታ መጣ። ቀኝ እጁ ተፈታች፣ አልተጨበጠችም። ግራው ተጨበጠ።

ሰባተኛው ከግራ መጣ። ያ ትንሽ ነገር ተሰበረ። ከወለሉ አካባቢ ሳል ተሰማ፣ «እህ»፣ ድምፁም አለቀ።

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ተከሳሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ግራ እጅህን ለምን ጨበጥክ?»

ባለ መድኃኒት ቤቱ ጎንበስ ብሎ እጁን አየው። አሁንም ተጨብጧል። የሌላ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ የተቀመጠበት ይመስል ትክ ብሎ አየው። ጠበቃው አንገቱን ደፋ።

ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ባለ ሻርፗ ሻርፗን ትታለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም፣ አሁንም እንደዚያው ነው የምንጠራት፣ ትስቃለች። ፊልሟን እኔ ጋ አምጥታ «አንድ ነገር አስተካክይልኝ» አለችኝ። ሳትነግረኝ ገባኝ። ትከሻዋን ስምንት ሥዕል ወደ ፊት ገፍቼ ወደ ቦታው መለስኩት። ሰባተኛውንም የመጀመሪያውን፣ የደከመውን አደረግነው፤ ጥፊም ጠንካራውን ቅጂ ማንም እንዳይሰማው ለምኗል።

ጥፊ አሁንም ቅዳሜ ከሰዓት ያስተምራል፤ ቀኝ ጆሮውን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ። አሁንም ሦስት ጊዜ ያሳያቸዋል። አሁን ግን የተማሪ ፊልም ላይ ምት ሲሰማ ያቆመዋል። ድምፁ ደካማም ይሁን ጠንካራ፣ የሚደነቅም ይሁን የማይደነቅ፣ አስተያየት አይሰጥም። መጀመሪያ ተማሪውን አጠገቡ ይጠራና ፊቱን፣ አንገቱን፣ እጆቹን ያያል። ከዚያ «ጎመኑን አሳየኝ» ይለዋል። ጎመኑን ሳያይ አንዲት ቃል አይናገርም።